ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 እና 780 የመጫኛ ፍላሹን አያስነሱም፤ ምን ላድርግ?

የላብ መምህርት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። የአይሲቲ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ አግኝቷል። አብዛኞቹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 እና 780 ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ኮር 2 ዱዎ ነው፤ ራማቸው አንዳንዱ 2፣ አንዳንዱ 4 ጂቢ ነው። አንድ ፔንቲየም ኤም ላፕቶፕም አብሮ መጥቷል። እሱ 512 ሜጋባይት ራም ብቻ ነው ያለው።

ሃርድ ዲስኮቹ ባዶ ናቸው። ነፃውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስን ልጭንባቸው አስቤ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የመጫኛ ፍላሽ አዘጋጀሁ። ፍላሹ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይነሳል። ዴሎቹ ላይ ግን ስክሪኑ ይጠቁርና ሰረዟ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰው ስጠይቅ «ማሽኖቹ አርጅተዋል፣ ጣያቸው» ይለኛል። ለመጣል ልቤ እሺ አላለም።

ኢንተርኔታችን የሞባይል ዳታ ነው። ትልቅ ፋይል ደጋግሜ ማውረድ አልችልም። ስለዚህ ከማውረዴ በፊት ትክክለኛውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር ላቡ ክፍት እንዲሆን ነው የምፈልገው። ልጆቹ እስካሁን ኪቦርድና ማውስን የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ ተስሎላቸው ነው።

ኮረንቲ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:24

መምህርት፣ ሩፈስ ላይ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለው ምን ላይ ነበር? ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ከሆነ ችግሩ ተገኘ።

የላብ መምህርት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:31

አዎ፣ ጂፒቲ ይላል። ከጎኑ «ታርጌት ሲስተም» የሚለው ደግሞ ዩኢኤፍአይ ነው።

ነባር ጠጋኝ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ፣ ማሽኖቹን እንዳትጥያቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከማሽኑ እንጀምር። ፍላሽ የሚዘጋጀው ማሽኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ይሠራል። መጀመሪያ ፍላሽ ያዘጋጃል፣ ማሽኑ እምቢ ሲለው ማሽኑን ይኮንናል።

ማወቅ ያለብሽ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ይሁን 32፣ የሚነሳው በድሮው ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ይሁን እሱን በተካው በዩኢኤፍአይ፣ ከዩኤስቢም መነሳት ይችል እንደሆነ ነው። 755 የ2007 ማሽን ነው፤ 780 የ2009። ሁለቱም የሚነሱት በድሮው ባዮስ ነው፤ ዩኢኤፍአይ አያውቁም። ያንቺ ፍላሽ ለዩኢኤፍአይ ብቻ ነው የተዘጋጀው። ባዮሱ የፍላሹ መጀመሪያ ላይ የማስነሻ ኮድ ይፈልጋል። እዚያ ምንም ስለሌለ ሰረዟ እያብለጨለጨች ትቀራለች። ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ነው። ስለዚህ ለዴሎቹ የ64 ቢት አይኤስኦ (የመጫኛውን ሙሉ ፋይል) ትወስጃለሽ። ሩፈስ ላይ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚለውን ኤምቢአር (የድሮውን አከፋፈል) አድርጊ። ከጎኑ ያለው «ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ» ወደሚለው ራሱ ይቀየራል።

ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከሆነ የምትጭኚው ደግሞ ሩፈስ «አይኤስኦ ሞድ ወይስ ዲዲ ሞድ» ብሎ ይጠይቅሻል። ዲዲን ምረጪ። በዲዲ አይኤስኦው እንዳለ፣ አንድ በአንድ ፍላሹ ላይ ይገለበጣል። የዴቢያን አይኤስኦ በድሮው ባዮስም በዩኢኤፍአይም እንዲነሳ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ያኔ ስለ ጂፒቲና ኤምቢአር አትጨነቂም። ከዚያ በኋላ ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኪው «ፎርማት ላድርገው?» ሊልሽ ይችላል። እሺ እንዳትዪው። ፍላሹ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ ማንበብ ስላልቻለ ብቻ ነው።

ፍላሹን ከኋላ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኪው። የፊቶቹ ማሽኑ ውስጥ በቀጭን ሽቦ የተያያዙ ናቸው፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ይደክማሉ። ማሽኑን ስታበሪ የዴል ምልክት እንደወጣ ኤፍ12 ን ተጫኚ። ከሚመጣው ዝርዝር ዩኤስቢ የሚለውን ምረጪ።

የመርካቶ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን ለምን ሊኑክስ? ልጆቹ ነገ ሥራ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ዊንዶውስ ነው። ቀበሌውም፣ ባንኩም፣ ማተሚያ ቤቱም ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ፍላሽ ከየትም ይገኛል። ያለ ፈቃድ የሚያነቃው አክቲቬተሩም አብሮት አለ። በግማሽ ቀን ላቡ አለቀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን።

ኮረንቲ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:48

ወንድሜ፣ የሥራውን ነገር ያነሳኸው ልክ ነው፤ እመለስበታለሁ። ግን ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አብቅቷል። ዊንዶውስ 7 ማ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህ ማሽኖች ላይ አይታሰብም። አንዳንዱ ሰው ሩፈስ የቲፒኤሙን (የደህንነት ቺፑን) ፍተሻ ያዘልላል ብሎ ይሞክራል። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ወዲህ ግን ፕሮሰሰሩ ኤስኤስኢ 4.2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ ማወቅ አለበት። ኮር 2 ዱዎ ያ የለውም። ፍተሻ ቢዘለልም አይነሳም።

አክቲቬተሩን በተመለከተ በጣም ነው የምቃወመው። ስንት ላብ አይቻለሁ በእሱ የተበከለ። ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ሾርትከት ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። የቤት ሥራቸው ይጠፋል። መምህሯ በየሳምንቱ ፎርማት ስታደርግ ትውላለች።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሚያስፈልገው ፋይል ማስቀመጥ፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ መፈለግ ነው። ሊብረኦፊስ በሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ላይ ይህን የተማረ ልጅ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ላይ አይጠፋበትም። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችንም ይከፍታል። ያወሳሰበ አቀማመጥ ያላቸው ፋይሎች መዛነፋቸው አይቀርም፤ እሱን አልክድም።

የመርካቶ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:02

የኤስኤስኢውን ነገር አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ለካ አንድ ደንበኛዬ ማሽን ላይ እምቢ ያለኝ። እሺ፣ ለላብ ሊኑክሱ ይሁን። ቢቻል አንድ ማሽን ላይ ሕጋዊ ዊንዶውስ ኖሮ ልጆቹ በየተራ ቢያዩት ግን ደስ ይለኛል።

የላብ መምህርት | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን እንዲህ ከሥር ጀምሮ ያስረዳኝ አልነበረም። ኮረንቲም ተባረክ። አሁን የማወርደው የትኛውን ነው? ዴቢያን ገጽ ላይ ትንሽም ትልቅም አይኤስኦ አለ። ትንሹ ዳታ ይቆጥብልኛል ብዬ አስቤ ነበር።

ኮረንቲ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:40

ተጠንቀቂ እህቴ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ዳታው የሚያልቅበት። ትንሹ ኔትኢንስት ይባላል። መጫን የሚጀምረውን ያህል ብቻ ነው የያዘው። ዴስክቶፑንና ሊብረኦፊሱን እየጫነ እያለ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ያ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ይደገማል። ላብ ሙሉ ማሽን ላለው ሰው ኪሳራ ነው።

አንቺ የምትፈልጊው ዲቪዲ 1 የሚባለውን ነው። 4 ጂቢ አይሞላም። ዴስክቶፑም፣ ሊብረኦፊሱም፣ አሳሹም ውስጡ አለ። ስትጭኚ «ከኢንተርኔት ልጨምር?» ብሎ ሲጠይቅሽ አይ በዪው፤ ያለ ምንም ግንኙነት ይጨርሳል። ለዴሎቹ ከኦገስት 2025 ጀምሮ የወጣውን ዴቢያን 13 ውሰጂ። ዴስክቶፕ ስትመርጪ ከባዱን ግኖም ተዪውና ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን፣ ወይም 2 ጂቢዎቹ ላይ ኤልኤክስኪውቲን ምረጪ።

ማውረጃውን በቶረንት አድርጊው። መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ ሌሊት ተዪው።

ነባር ጠጋኝ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:20

ኮረንቲ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሳታረጋግጪ አትጻፊው። ዴቢያን አይኤስኦዎቹ ባሉበት ቦታ ከጎናቸው ሻ256 የሚባል የቁጥርና የፊደል መስመር ያስቀምጣል። ሩፈስ ላይ አይኤስኦውን ከመረጥሽበት ቁልፍ አጠገብ ትንሽ የራይት ምልክት አለች። እሷን ስትጫኚ ያንቺን ፋይል መስመር ያወጣልሻል። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ ፋይሉ ጎድሏል። ማረጋገጡ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። የጎደለ ፋይል ግን መጫኑ ሰማንያ በመቶ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያሳፍረው።

ፍላሹም ይመርመር። ገበያው ላይ 64 ጂቢ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ፍላሽ ሞልቷል። የጻፍሽው ሁሉ የተጻፈ ይመስላል፣ ከ8 በላይ ያለው ግን የለም። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ለድሮ ማሽን ትልቅ ፍላሽ አያስፈልግም። ጥሩ 8 ወይም 16 ጂቢ ይበቃል። አንዳንድ የድሮ ባዮስ እንዲያውም በጣም ትልቅ ፍላሽ ሲያይ ይደናገራል።

ሩፈስን የምታሠሪበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ከሆነ የመጨረሻው የሚሠራልሽ እትም 3.22 ነው። ከ4 ጀምሮ ያለው ዊንዶውስ 7 ላይ አይከፈትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

ሰላም ከአሜሪካ። እዚህ ያለን ሰዎች ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሰብስበን አገር ቤት እንልካለን። ስለዚህ ክሩን በጉጉት ነው የማነበው። ሁለት ነገር ልበል።

የመጀመሪያው ፍላሹን አይመለከትም፣ ግን ከሁሉም በፊት መታየት አለበት። ከዚህ የሚመጡ የድሮ ዴስክቶፖች ከኋላቸው፣ የኮረንቲ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ሊኖራቸው ይችላል። 115 ቮልት ላይ ከሆነ ኢትዮጵያ 220 ላይ ሲሰካ ፓወር ሰፕላዩ በአንዴ ይቃጠላል። ማሽኑን ሳትሰኩ ወደ 230 አዙሩት። መቀየሪያ የሌላቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ቢሆንም የተለጠፈባቸው ጽሑፍ 100–240 ማለቱን እዩ።

ሁለተኛው፣ እዚህ ማውረድ ለእኛ ቀላል ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው መቼም አይጠፋም። አይኤስኦዎቹን አውርደን፣ ሻ256 አረጋግጠን፣ ፍላሽ ላይ ጭነን እንልካለን። መምህርት፣ ፈቃድሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ቬንቶይ የሚባለውን ተጠቅመን ብዙ አይኤስኦ በአንድ ፍላሽ ማድረግ እንችላለን። ቬንቶይ አንዴ ፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ አይኤስኦዎቹን እንደ ፊልም ፋይል መቅዳት ብቻ ነው። ስትነሺ በዝርዝር ያሳይሻል። በባዮስም በዩኢኤፍአይም ይነሳል።

የላብ መምህርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:05

ቀዩ መቀየሪያ! ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ገና ካርቶን ውስጥ ያሉ አሉ። በውስጥ መስመር ጽፌያለሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ።

የላብ መምህርት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:40

ልነግራችሁ ቸኩዬ ነው የመጣሁት። ዲቪዲ 1ን አውርጄ፣ ሻ256ቱን አመሳክሬ፣ በዲዲ ሞድ ጻፍኩት። ኤፍ12፣ ዩኤስቢ፣ ወዲያው የዴቢያን መጫኛ መጣ! ሦስት 780ዎች አልቀዋል። ካርቶን ውስጥ ከነበሩት አንዱ መቀየሪያው 115 ላይ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማሽን አተረፍሽልን።

አሁን የቀሩብኝ ጥያቄዎች አሉ። አንድ 755 መጫን ይጀምርና ፋይል እየገለበጠ እያለ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። ፍላሹ ሌሎቹ ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ባዮስ ውስጥ ዩኤስቢ የሚባል ምርጫ የለም። ሃርድ ዲስክ፣ ሲዲ፣ ፍሎፒ፣ ኔትወርክ ብቻ ነው።

ነባር ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:15

እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ ልጄ።

755ቱን በተመለከተ፣ ፍላሹ ሌላው ላይ ከሠራ ጥርጣሬዬ ራሙ ላይ ነው። የተበላሸ ራም የተነበበውን ፋይል ያዛባል፣ መጫኛው ደግሞ ጥፋቱን ፍላሹ ላይ ይጥላል። ሜምቴስት86ፕላስ የሚባለውን ነፃ መመርመሪያ ፍላሽ ላይ ጽፈሽ አስነሺው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርስ። ቀይ መስመር ካወጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣሽ ድገሚ። አንዳንዴ አውጥቶ የመዳቡን ጥርስ በደረቅ ላጲስ አሽቶ መመለስ ብቻ ይበቃል። ከ780 ራም ለመዋስ ግን አትሞክሪ። 755 ዲዲአር2 ነው፣ 780 ዲዲአር3 ነው፤ አይገጣጠሙም።

ላፕቶፑ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይነሳል። ፔንቲየም ኤም 32 ቢት ነው። ዴቢያን 13 የ32 ቢት መጫኛ የለውም። 12 ግን አለው፤ ድጋፉም በኤልቲኤስ (በተራዘመው ድጋፍ) እስከ ጁን 2028 ይቀጥላል። በ512 ሜጋባይት ግን ዴቢያን ከነዴስክቶፑ ይከብደዋል። ለእሱ አንቲኤክስ 23ን የ32 ቢቱን ውሰጂ። መሠረቱ ያው ዴቢያን 12 ነው፤ የተሠራው ግን ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን ነው።

አነሳሱን በተመለከተ ሲዲ ማጫወቻው የሚሠራ ከሆነ ፕሎፕ የሚባለውን ቡት ማኔጀር ባዶ ሲዲ ላይ አቃጥዪ። በጣም ትንሽ ነው። ማሽኑ ከሲዲው ይነሳል፤ ፕሎፕ ደግሞ በራሱ ድራይቨር ዩኤስቢውን አግኝቶ ከፍላሹ ያስነሳልሻል። ይዘገያል፤ ታገሺው። ስታቃጥዪ ፋይሉን ሲዲው ላይ መቅዳት አይደለም፤ «ኢሜጅ አቃጥል» የሚለውን ነው የምትመርጪው። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጊው፤ የድሮ ማጫወቻዎች በፍጥነት የተቃጠለ ሲዲ ማንበብ ይቸግራቸዋል።

የመርካቶ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ሲዲ ማጫወቻው ካልሠራ ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ እዚያ መጫን ነው። ሲያልቅ መመለስ። ሊኑክስ ድራይቨሮቹን ይዞ ስለሚዞር አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ስትጭኚ ቡት ሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ኮድ) የሚገባው ራሱ እዚያው ዲስክ ላይ መሆኑን አረጋግጪ፣ አለዚያ የሌላውን ማሽን ቡት ታጠፊዋለሽ። ማገናኛ ስትገዢ የድሮ ላፕቶፕ ዲስክ በድሮው መሰኪያ በአይዲኢ ሊሆን ስለሚችል አይዲኢንም አዲሱን ሳታንም የሚይዘውን በዪ። ሱቅ ላይ አለ።

ኮረንቲ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

የቀሩትን ዴሎች አንድ በአንድ እንዳትጭኚ። ክሎንዚላ የሚባል ነፃ የዲስክ መገልበጫ አለልሽ። አንዱን 780 እስከ መጨረሻው አስተካክዪው። የተማሪዎቹን መለያ ፍጠሪ፣ ቋንቋውንም ሙዪ። ለአማርኛ መተየቢያ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጫኚ፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ዳታውን ማጋራት ይበቃል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የኢትዮጵያ ፎንትም ጨምሪ። ከዚያ ክሎንዚላን ከፍላሽ አስነስተሽ የዚያን ዲስክ ምስል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ሌሎቹ ላይ መገልበጥ ነው የሚቀረው።

ምስሉን የምትወስጂው ከሁሉም ትንሹ ዲስክ ካለው ማሽን ይሁን። ክሎንዚላ ወደ አነሰ ዲስክ መመለስ እሺ አይልም። «ሴቭ» እና «ሪስቶር» የሚሉትን ደግሞ ረጋ ብለሽ አንብቢ። አቅጣጫው ከተገለበጠ የደከምሽበት ይጠፋል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ስም ይኑረው፤ ማሽን አይዲውም (ሲስተሙ የሚለይበት ቁጥር) ይታደስ። አለዚያ ኔትወርክ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

የላብ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:20

ዴሎቹ ሁሉም ቆመዋል። የ755ቱ ችግር ራም ነበር፤ አንዱን አውጥቼ በ1 ጂቢ እየሠራ ነው። ላፕቶፑም በፕሎፕ ተነሳ፤ አንቲኤክስ ሲከፈት ሳየው ማመን አቃተኝ። ልጆቹ በመስኮት ያጮልቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የተወሰኑት 755ዎች ላይ ኢንተርኔት ሳገናኝ አሳሹ «ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም» ይላል፣ ምንም ገጽ አይከፍትም። ዝመናውም «ፋይሉ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰኛል። 780ዎቹ ላይ ግን ምንም ችግር የለም። ሁሉም ላይ ያለው ያው ምስል ነው።

ነባር ጠጋኝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:05

በእነዚያ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ ያለውን ቀን እዪልኝ። ዓመቱ ስንት ይላል?

የላብ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:30

2018 ይላል። የዘንድሮው ዓመት ነው፤ ሰዓቱም ከግድግዳው ሰዓት ጋር እኩል ነው። ባትሪያቸው ያለቀ ስለነበር የላቡ ረዳት ነው የሞላው።

ነባር ጠጋኝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:42

ተገኘ። ለእኛ ዘንድሮ 2018 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው፣ በእሱ ደግሞ 2026 ነው። ስለዚህ ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው ያለው። አሁን የወጣ ሰርተፊኬት ሲያይ ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ይህን ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቻለሁ። ኤፍ2 ተጫኚና ባዮስ ግቢ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጅ አድርጊ። ሰዓቱም በፈረንጅ ይሁን፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት 16 ነው።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። ሰዓት አዳሽ ሁሉ ይሸጣታል። ካልተቀየረች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑም የቡት ቅደም ተከተሉም ይረሳል። ያለቀባቸውን ማሽኖች ቁጠሪና ሁሉንም በአንዴ ግዢ።

የላብ መምህርት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:50

ቀኑን አስተካከልኩ፣ ሁሉም ይከፍታሉ። ባትሪዎቹን ነገ ከትምህርት በኋላ እገዛለሁ። ጋሼ፣ ኮረንቲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የመርካቶ ልጅ፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የላቡን ምስል በክሎንዚላ አስቀምጫለሁ። ተመሳሳይ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት ካለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞ ይምጣ፣ እገለብጥለታለሁ።